መጠኑ የወረደ፣ ቁጥሩ የወጣ ሞት

ከ1987 እስከ 1989 ባለው ጊዜ (ዓመቶቹ ሁሉ፣ ልዩ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሚኒያፖሊስ ዳርቻ ሰፈሮች የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው ከ45 እስከ 64 የነበረ አራት ሺህ ያህል ሰዎች ደማቸው ተቀድቶ፣ ግፊታቸው ተለክቶ፣ ስንት ዓመት እንዳጨሱም ተጠይቀው በአንድ ሰፊ ጥናት ተመዘገቡ። አሪክ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው ይህ ጥናት በሰሜን ካሮላይና፣ በሚሲሲፒና በሜሪላንድ ከተቋቋሙ ሦስት ጣቢያዎች ጋር በድምሩ 15,792 ሰዎችን ያቀፈ ሲሆን፣ የደም ቧንቧ መጠጠር ከምን እንደሚጀምርና ወዴት እንደሚያደርስ ለመከታተል የታቀደ ነበር። ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ2016፣ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ በዌይሆንግ ታንግ የተመራ ቡድን እነዚያን መዛግብት እንደገና ከፍቶ አንድ የተለየ ጥያቄ ጠየቀ፦ ከእነዚህ ሰዎች መካከል በሆዳቸው ውስጥ የሚያልፈው ታላቁ ደም ቅዳ፣ አኦርታ፣ ያበጠባቸው ስንቶቹ ናቸው? መልሱ በ45 ዓመቱ የሚገኝ ሰው 85 እስኪሞላው ድረስ ለዚህ እብጠት ያለው ዕድል በጠቅላላው ከ17 ሰዎች ለአንዱ፣ ጥናቱ ሲጀመር ያጨሱ ከነበሩት ደግሞ ከዘጠኙ ለአንዱ መሆኑን አሳየ። ማጨስ ያቆሙት ካላቆሙት ይልቅ አደጋቸው ቀንሶ ቢገኝም፣ ፈጽሞ አጭሰው ከማያውቁት ጋር ግን አልተስተካከሉም።

የመጨረሻዋ ሐረግ ለዚህ ሐተታ መነሻ ናት። በዚህ በሽታ ምክንያትና ውጤት በአንድ ዘመን አይገናኙም፤ በ25 ዓመት የተለኮሰ ሲጋራ ሒሳቡን የሚጠይቀው በ70 ዓመት ነው። ስለዚህ ዛሬ የሚነበበው የሞት አኃዝ የዛሬን ጥረት አይመዝንም፤ ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በፊት የተሠራውን ወይም ያልተሠራውን ይናገራል። ስለ አኦርታ ሞት መቀነስ በየሕክምና መጽሔቱ የሚወጣው መልካም ዜና በዚህ ዓይን ካልታየ አሳሳች ይሆናል።

የበሽታው አሠራር ይህን መዘግየት ያስረዳል። ጤነኛ የሆድ አኦርታ ስፋቱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ሦስት ሴንቲ ሜትር ሲደርስ አኒዩሪዝም ይባላል። ግድግዳው በእያንዳንዱ የልብ ምት ተወጥሮ የሚመለሰው ኢላስቲን በተባለ ፕሮቲን አማካይነት ሲሆን፣ ይህ ፕሮቲን በልጅነት ከተሠራ በኋላ በአዋቂ ሰውነት ውስጥ በበቂ መጠን አይተካም። የትምባሆ ጭስ በግድግዳው ውስጥ ብግነት ይቀሰቅሳል፤ ከብግነቱ የሚመነጩ ኢንዛይሞች ኢላስቲኑን ይበሉታል፤ ከፍ ያለ የደም ግፊት ደግሞ የሳሳውን ይገፋዋል። ቧንቧው በሰፋ መጠን ግድግዳው የሚሸከመው ውጥረት ስለሚጨምር፣ መስፋት ራሱ ለተጨማሪ መስፋት ምክንያት ይሆናል። ትንሽ አኒዩሪዝም በአማካይ በዓመት ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ብቻ ያድጋል፤ ሕመም የለውም፤ ባለቤቱም አያውቀውም። በወንዶች 5.5፣ በሴቶች አምስት ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ቀዶ ሕክምና ይመከራል። ከመታከሙ በፊት ከፈነዳ ግን ከአሥሩ ስምንት ያህሉ ይሞታሉ፤ ከሟቾቹም ብዙዎቹ ሆስፒታል አይደርሱም።

በዓለም ደረጃ ያለው መረጃ ሁለት ተቃራኒ መስመሮችን ያሳያል። የዓለም አቀፉ የበሽታ ጫና ጥናት ግምት እንደሚለው በ1990 በአኦርታ አኒዩሪዝም የሞቱት 95 ሺህ ያህል ነበሩ፤ በ2019 ቁጥሩ 172 ሺህ ገደማ ደረሰ፤ ጭማሪው ከመቶ 80 በላይ ነው። በዚያው ዘመን በዕድሜ የተስተካከለው የሞት መጠን ከ100,000 ሰው 2.72 ከነበረበት ወደ 2.21 ወረደ። ሁለቱም ትክክል ናቸው። የመጀመሪያው ስንት ሰው እንደተቀበረ ይቆጥራል፤ ሁለተኛው የሕዝብ ብዛትና ዕድሜ ባይለወጥ ኖሮ የአንድ ሰው አደጋ ምን ያህል እንደሚሆን ያሰላል። ችግሩ የጤና በጀት የሚመደበው፣ አልጋና ሐኪም የሚዘጋጀው ለመጀመሪያው ሆኖ ሳለ የሚያጽናናው ሁለተኛው መሆኑ ነው። ከዚህም በላይ የመጠኑ መውረድ በአንድ ወገን ያጋደለ ነው። በአውስትራሊያ፣ በምዕራብ አውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ጉልህ ሆኖ ሳለ፣ በ2014 የሞት መዛግብትን አገር ከአገር ያነጻጸረ ጥናት በሃንጋሪና በሩማንያ የሞት መጠኑ ሲወጣ አገኘ፤ የልዩነቱም ገመድ የተያያዘው ከሲጋራ አጫሾች ብዛት ጋር ነበር።

ይህ ግንኙነት ለሚኒያፖሊስና ለሴንት ፖል ለመቀበል የሚከብድ መልእክት አለው። መንትዮቹ ከተሞች በልብና በደም ሥር ሕክምና ታሪክ ውስጥ ያላቸው ክብር በመሣሪያና በቀዶ ሕክምና የተገኘ ነው። በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ በመስከረም 1952 ጆን ሉዊስ የሰውን አካል አቀዝቅዞ የተከፈተ ልብ ውስጥ ቀዳዳ ደፈነ፤ በ1954 ዋልተን ሊለሃይ የአንድ ሕፃንን የደም ዝውውር ከወላጁ ጋር አገናኝቶ ቀዶ ሕክምና አደረገ፤ በ1949 በሰሜን ምሥራቅ ሚኒያፖሊስ በአንድ ጋራዥ የተመሠረተው ሜድትሮኒክ በባትሪ የሚሠራውን የልብ ምት መቆጣጠሪያ በ1957 አበረከተ። በአኦርታም በኩል፣ ሁዋን ፓሮዲ በ1990 በቦነስ አይረስ ሆድ ሳይከፈት በብሽሽት ደም ቅዳ በኩል ስቴንት ግራፍት የተባለ ሰው ሠራሽ ቧንቧ ማስገባት ከጀመረ በኋላ፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ1999 መጀመሪያ ከፈቀዳቸው ሁለት መሣሪያዎች አንዱ የሜድትሮኒክ ነበር። ይህ ሁሉ ሕይወት አድኗል። በብሪታንያ የተደረገ ንጽጽር ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት 30 ቀናት የሚሞቱትን ሆድን በሚከፍተው አሮጌው ዘዴ ከመቶ 4.7፣ በአዲሱ 1.7 ሆነው አግኝቷቸዋል። ዓመታት ካለፉ በኋላ ግን የሁለቱ ቡድኖች በሕይወት የመቆየት ዕድል ተመሳሰለ፤ የመጀመሪያው ወር ብልጫ በጊዜ ብዛት ቀለጠ።

ሞትን በሕዝብ ደረጃ ያወረደው ሌላ ነገር ነው። ማስረጃውም ሕክምና ከማይነካው ቦታ፣ ከበሽታው ስርጭት ይገኛል። በ1990ዎቹ መጨረሻ በእንግሊዝ 67,800 ወንዶችን ባሳተፈ ጥናት ዕድሜያቸው ከ65 እስከ 74 ከሆኑትና ከተመረመሩት መካከል አኒዩሪዝም የተገኘባቸው ከመቶ 4.9 ነበሩ። በስዊድን ከ2006 በኋላ 65 ዓመት የሞላቸው ወንዶች ሲመረመሩ የተገኘባቸው 1.7 ብቻ ሆኑ። የዕድሜውና የአገሩ ልዩነት የተወሰነውን ክፍል ቢያስረዳም ሁሉንም አያስረዳም፤ ስቴንት ግራፍትም የፈነዳን ሊያድን ይችላል እንጂ ያልበቀለን አኒዩሪዝም እንዳይበቅል አያደርግም። እብጠቱ ራሱ የቀነሰው በዋናነት የስዊድን ወንዶች ሲጋራ ስለተዉ ነው። በአሜሪካም በ1965 ከአዋቂዎች 42 ከመቶ ያህሉ ያጨሱ ነበር፤ በ2021 ወደ 11.5 ወረዱ። በአኦርታ አኒዩሪዝምና መሰንጠቅ የሚሞቱት በ2000 ከ15 ሺህ በላይ ከነበሩበት በ2019 ወደ 9,900 ገደማ ዝቅ ያሉት ይህን ተከትለው ነው። በአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ስሌት ከሆድ አኦርታ አኒዩሪዝም ሦስት አራተኛ ያህሉ ከማጨስ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው።

እንግዲህ የሞት መቀነስ ምንጩ የትምባሆ መቀነስ ከሆነ፣ ቀጣዩ ጥያቄ ያ ጥረት ዛሬ በምን ሁኔታ ላይ ነው የሚል ይሆናል። ለዚህ ከሚኒሶታ የተሻለ መመልከቻ የለም፤ ምክንያቱም ጥረቱ ቀድሞ የተጀመረው፣ ኋላም የደከመው እዚህ ነው። ግዛቲቱ በ1975 በሕዝብ መገልገያ ቤቶች ውስጥ ማጨስን የሚገድብ ሕግ በግዛት ደረጃ ስታወጣ በአሜሪካ የመጀመሪያዋ ነበረች። በ1998 መጀመሪያ ላይ በሴንት ፖል የተከፈተው ችሎት ግን ከሕጉ የበለጠ ነገር አደረገ። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሂዩበርት ሃምፍሪ ሦስተኛውና ብሉ ክሮስ የተባለው የጤና መድን ድርጅት የትምባሆ ኩባንያዎችን ከሰው ለወራት ሲከራከሩ፣ ኩባንያዎቹ ለአሥርት ዓመታት የደበቋቸው የውስጥ ሰነዶች ከ30 ሚሊዮን ገጽ በላይ ሆነው ወጡ፤ በሚኒያፖሊስም ማንም ሊያነባቸው በሚችልበት መዝገብ ቤት ተቀመጡ። ግንቦት 8 ቀን 1998፣ ጉዳዩ ለዳኝነት ሸንጎው ሊቀርብ ሲል፣ ኩባንያዎቹ ለግዛቲቱ በ25 ዓመት ውስጥ ስድስት ቢሊዮን ዶላር ያህል ለመክፈል ተስማሙ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የማሽቆልቆል ታሪክ ነው። ከክፍያው ለትምባሆ መከላከያና ለሕክምና ትምህርት በቋሚነት የተቀመጠውን ወደ አንድ ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ግዛቲቱ በ2003 የበጀት ጉድለት ለመሙላት አዋለችው። ወለዱ በየዓመቱ ወጣቶችን ከሲጋራ ለማራቅ እንዲውል የታሰበ ዋና ገንዘብ በአንድ የበጀት ዘመን ተበላ። በስምምነቱ ለ25 ዓመት ብቻ የተቋቋመውና ብዙ ሺህ አጫሾች ሱሱን እንዲተዉ የረዳው ክሊርዌይ ሚኒሶታ በ2020 የምክር አገልግሎቱን ለግዛቲቱ ጤና ቢሮ አስረክቦ ሥራውን ወደ መዝጋት ሄደ። የአጫሾቹ አኃዝ ደግሞ ይህን ይመስላል፦ በ1999 ከአዋቂ ሚኒሶታውያን 22.1 ከመቶ ያጨሱ ነበር፤ በ2014 ወደ 14.4 ወረደ፤ በ2018 13.8 ላይ ቆመ። በ15 ዓመት ውስጥ ስምንት ነጥብ ገደማ የወረደው መስመር በቀጣዮቹ አራት ዓመታት አንድ ነጥብ እንኳ አልሞላም።

በዚህ አማካይ ውስጥም የተደበቀ ሕዝብ አለ። በ2013 ይፋ የሆነ፣ ነገዶቹ ራሳቸው የተሳተፉበት ጥናት ከሚኒሶታ ነባር አሜሪካውያን አዋቂዎች 59 ከመቶ ያህሉ ሲጋራ እንደሚያጨሱ አሳየ። ትምባሆ ለእነርሱ የጸሎትና የሥርዓት ቅጠል ሆኖ የኖረ ሲሆን፣ በፋብሪካ የተጠቀለለው ሲጋራ የዚያን ክብር ተከናንቦ ገባ። የግዛቲቱን 13.8 አንብቦ ተግባሩ ተፈጽሟል ብሎ የሚደመድም የበጀት ባለሙያ በሚኒያፖሊስ ፍራንክሊን ጎዳና የሚኖሩትን ነባር አሜሪካውያን አላያቸውም።

ቅድመ ምርመራውም በተመሳሳይ መንገድ ዝሏል። የአሜሪካ የመከላከል አገልግሎቶች ግብረ ኃይል ዕድሜያቸው ከ65 እስከ 75 የሆኑና በሕይወታቸው አጭሰው የሚያውቁ ወንዶች አንድ ጊዜ በአልትራሳውንድ እንዲታዩ በ2005 መከረ፤ ከጥር 2007 ጀምሮም የአረጋውያን የመንግሥት ጤና መድን የሆነው ሜዲኬር ወጪውን እንዲሸፍን ሕግ ወጣ። ምርመራው አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ አይወጋም፤ ጨረርም የለውም። ነገር ግን ሕጉ መጀመሪያ ላይ መብቱን ሰውየው ሜዲኬር ውስጥ በገባበት የመጀመሪያ ስድስት ወር ከሚደረግ አንድ ጉብኝት ጋር ስላሰረው፣ ጉብኝቱ ያመለጠው ምርመራውም አመለጠው። ማሰሪያው ከላላ በኋላም መመርመር ከሚገባቸው ብዙዎቹ አይመረመሩም። ሴቶች ደግሞ ከምክሩ ውጭ ናቸው፤ በእነርሱ በሽታው ብርቅ ቢሆንም ሲገኝ በትንሽ ስፋት ይፈነዳል።

ወደ ሀበሻው ማኅበረሰብ ሲመጣ ሥዕሉ ይቀየራል። በሚኒያፖሊስ ሴዳር ሪቨርሳይድ ሰፈርና በሴንት ፖል የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በዚያ በ1987 በተጀመረ መዝገብ ውስጥ አልነበሩም፤ የሚኒያፖሊስ ተመዝጋቢዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ነጮች ነበሩ። የቅድመ ምርመራው ሕግም ሲጋራን መለያ ስላደረገ አብዛኞቹን አይመለከታቸውም፤ በ2016 በኢትዮጵያ በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀሙ አዋቂዎች አምስት ከመቶ፣ ከወንዶች 8.1፣ ከሴቶች 1.8 ብቻ ነበሩ። ይህ ዝቅተኛ አኃዝ ትልቅ ሀብት ነው። ሆኖም አኦርታ የሚገድልበት ሁለተኛ መንገድ አለ፤ እርሱም ለሲጋራ ሳይሆን በዋናነት ለደም ግፊት ይታዘዛል። የግድግዳው ውስጠኛ ንብርብር ተሰንጥቆ ደሙ በንብርብሮቹ መካከል ሲገባ፣ ከልብ ወደ ላይ በሚወጣው የአኦርታ ክፍል ከሆነ፣ ካልታከሙት መካከል በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት በየሰዓቱ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ይሞታሉ። በ2000 የታተመው 464 ሕሙማንን የያዘ ዓለም አቀፍ መዝገብ ከእነርሱ 72 ከመቶ ያህሉ የደም ግፊት እንደነበረባቸው ያሳያል። የሚኒያፖሊስ የልብ ኢንስቲትዩት የገጠር ሆስፒታሎችንና ከተማውን በአንድ የአሠራር መመሪያ አስተሳስሮ እንዲህ ያለውን ሕመም ለይቶ ለማወቅ የሚጠፋውን ጊዜ በጉልህ አሳጥሯል፤ ይህ ግን ሕመሙ ከመጣ በኋላ ያለ ሩጫ ነው። የደም ግፊት ክኒኑን ደኅና ነኝ ብሎ ያቋረጠ ሰው ከሩጫው በፊት ያለውን ዕድል አባክኗል፤ በማኅበረሰቡ ውስጥም ክኒን ሕመም ሲሰማ የሚዋጥ፣ ሲሻል የሚተው ነገር ተደርጎ የመታየቱ ልማድ ቀላል አደጋ አይደለም።

በአገር ቤት ያለው ዝንባሌ ከዚህ ይከፋል። በ2015 የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከስድስት አዋቂዎች በአንዱ ያህል ከፍ ያለ የደም ግፊት አገኘ፤ አብዛኞቹም ሕክምና ላይ አልነበሩም። የጨው ፍጆታው በአማካይ በቀን 8.3 ግራም ሲገመት፣ የዓለም ጤና ድርጅት ጣሪያ አምስት ግራም ነው፤ ጨው ደግሞ ከማጨስ፣ ከደም ግፊትና ከእርሳስ ብክለት ጋር በዓለም አቀፉ ጥናት ከተቆጠሩት አራት የአኒዩሪዝም አደጋዎች አንዱ ነው። በሌላ በኩል የጃፓን ትምባሆ በ2016 የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅትን 40 ከመቶ በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ በቀጣዩ ዓመት ድርሻውን ወደ 71 ከመቶ ገደማ አሳደገ። አንድ ኩባንያ ከመቶ አምስቱ ብቻ ትምባሆ በሚጠቀምበት አገር ይህን ያህል ገንዘብ የሚያፈሰው ለዛሬው ገበያ ብቻ እንዳልሆነ ለመረዳት የንግድ ዕውቀት አያስፈልግም። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) በሥራ ቦታና በሕዝብ መገልገያ ውስጥ ማጨስን ከልክሎ፣ ማስታወቂያንም ዘግቶ ጠንካራ መከላከያ ሠርቷል። የሚኒሶታ ልምድ የሚያሳየው ግን እንዲህ ያለ ሕግ ፍሬውን የሚያፈራው ለሠላሳ ዓመት ሲጠበቅ እንደሆነና፣ ጥበቃው በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት እንኳ ሊሸረሸር እንደሚችል ነው።

በአነስተኛ ዋጋ ሊስተካከል የሚችል አንድ ነገርም በዚሁ መጠቀስ አለበት። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በታኅሣሥ 2018 ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒትና መሰሎቹ አኒዩሪዝም ያለበትን ወይም ለእርሱ የተጋለጠን ሰው አኦርታ እስከ መቅደድ ሊያደርሱ እንደሚችሉ አስጠንቅቋል። በኢትዮጵያ ሲፕሮ ለሽንት ቧንቧም ለተቅማጥም ከየመድኃኒት ቤቱ የሚወሰድ የታወቀ ክኒን ነው። ለብዙው ሰው አደጋው ጥቂት ነው፤ የደም ግፊት ላለባቸው አረጋውያን ግን ሌላ አማራጭ ካለ ቅድሚያ መስጠት አስተዋይነት ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበው ግን ሞቱ የማይቆጠር መሆኑ ነው። የፈነዳ አኦርታ በውጭ አካል ላይ ምልክት አይተውም፤ የሚታወቀው በሲቲ ስካን ወይም በአስከሬን ምርመራ ነው። በአሜሪካ ሳይቀር በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በሆስፒታል ከሞቱት ግማሽ ያህሉ ላይ ይደረግ የነበረው የአስከሬን ምርመራ፣ የሆስፒታሎች ዕውቅና ሰጪው አካል ግዴታነቱን በ1971 ካነሣ በኋላ ከመቶ አሥር በታች ወርዷል። ስለዚህ የሞት መጠኑ ከወረደበት ምን ያህሉ እውነተኛ እንደሆነ፣ ምን ያህሉ ደግሞ ሳይታይ ከልብ ድካም ጋር እንደተደመረ መለየት ከባድ እየሆነ ሄዷል። በኢትዮጵያ ምርመራው ለፖሊስ ጉዳይ ካልሆነ ከሞላ ጎደል የለም፤ ቤተሰብም ብዙውን ጊዜ አስከሬኑ እንዲነካ አይፈቅድም፤ ቀብርም አይዘገይም። በአዲስ አበባ ከ2001 ጀምሮ በየመቃብር ቦታው ሟቾችን የሚመዘግበውና ቤተሰብን በቃል በመጠየቅ የሞት ምክንያትን የሚገምተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥራ በአገሪቱ ካሉት የተሻሉ ምንጮች አንዱ ነው። ይሁን እንጂ የዓለም ጤና ድርጅት ለቃል ምርመራ ባወጣው የምክንያቶች ዝርዝር ውስጥ ድንገተኛ የልብ ሕመምና ስትሮክ ሲኖሩ፣ አኒዩሪዝም የራሱ ቦታ የለውም። ጠያቂው፣ ሟቹ ከመሞቱ በፊት ምን አመመው ሲል፣ ልጁ፣ ማታ ጀርባዬን ብሎ ወደቀ፣ እስከ ንጋት አልቆየም ይላል፤ መልሱ ልብ ከሚለው ረድፍ ይገባል፤ የአኦርታ ሞቱም ሳይቆጠር ይቀራል።